ሦስት ቅዳሜ የንግግር ስልጠና ድሬዳዋ፦ 2,500 ብሩ ይገባዋል?

መጀመሪያ ለምን እንደገባሁበት ልንገራችሁ። ሳቢያን አካባቢ ያለው የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ወርሃዊ መዋጮው ከ50 ወደ 100 ብር ከፍ ይበል ብዬ ተነሳሁ። ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳለሁ ከኋላ አንድ ጋሼ «ልጄ፣ ሻይ ይምጣልህ፤ ጉሮሮህ ደረቀ» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ቁጭ አልኩ፤ አጀንዳውም አብሮኝ ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ከዚራ ውስጥ አንድ ማሰልጠኛ በር ላይ «አሳማኝ ንግግር በሦስት ቅዳሜ» የሚል ባነር አይቼ የተመዘገብኩት። ስማቸውን አልጽፍም። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ የአንዱ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን።

አሥራ ስድስት ሰው ነበርን። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ መድኃኒት አከፋፋይ አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ ቀን የምትቆጥር ተማሪ አለች፣ የወንድሙ ሰርግ ላይ «ንግግር ታደርጋለህ» ተብሎ እንቅልፍ ያጣ ልጅም አለ። ጣሪያው ላይ ሁለት ማራገቢያ አለ፣ የሚዞረው ግን አንዱ ነው። ቀድማችሁ ድረሱና ከሥሩ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በስላይድ አለቀ። ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ አሰልጣኙ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶን ያነባል። ስለ ንግግር የሚያስተምር ሰው ለግድግዳ ሲናገር ማየት ትንሽ ያስቃል። ይዘቱ መጥፎ አልነበረም። አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት የለያቸውን ሦስት ነገሮች አስረዳን፤ ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ ይሏቸዋል። በእኛ ቋንቋ ሳስበው፦ ሰው ያምንሃል ወይ? ልቡን ትነካዋለህ ወይ? ነገርህስ ውሃ ይቋጥራል ወይ? እድሩ ላይ እኔ ይዤ የሄድኩት ሦስተኛውን ብቻ ነበር፣ እሱንም በደንብ አይደለም።

የቆጨኝ ግን አሰልጣኙ ስለ በልሃ ልበልሃ አንድ ቃል አለመተንፈሱ ነው። አያቶቻችን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ በጥያቄና በመልስ ሲሟገቱ መንገደኛ ሳይቀር ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። የአሳማኝ ንግግር ትምህርት ቤት ደጃችን ላይ ነበረን ማለት ነው። አቴንስ ድረስ ሄዶ ሲመለስ በሰፈራችን ቢያልፍ ምን ነበረበት?

ከዚያ ደግሞ ያቺ የታወቀች ስላይድ መጣች። «ከንግግር ውስጥ የቃል ድርሻ 7 በመቶ፣ የድምፅ 38፣ የፊትና የሰውነት 55።» ክፍሉ በሙሉ ጻፈ። እኔ አልጻፍኩም። ይህ ቁጥር የመጣው አልበርት መህራቢያን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጣቸው ሙከራዎች ነው። ሙከራዎቹ ስለ ንግግር አልነበሩም፤ ነጠላ ቃል በተለያየ ድምፅ እያሰሙ፣ የፊት ፎቶ እያሳዩ፣ ተናጋሪው ስሜቱ ምን ይመስላል ብለው ነው የጠየቁት። ሰውየው ራሱ ቁጥሩ ስሜትን ከመግለጽ ውጭ አይሠራም ብሏል። እውነት ቢሆን ኖሮ ሶማሊኛ የማልችለው እኔ ጎረቤቶቼ ሲጨዋወቱ 93 በመቶውን እረዳ ነበር። እጄን አውጥቼ ይህንኑ ስናገር አሰልጣኙ «ጥሩ ነጥብ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በአንድ ኮከብ እዘጋው ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ፣ ያቺ አንዲት ማራገቢያም ቆመች። ሙቀቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል። ወንበራችንን ተሸክመን ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አሰልጣኙ ስላይድ ሲያጣ ሌላ ሰው ሆነ! ዓይናችንን እያየ ያወራ ጀመር። የሰኔ 23 ቀን 1928ቱን የአፄ ኃይለ ሥላሴ የጄኔቫ ንግግር አነሳ፤ ያንን ዓመት ሚያዝያ በባቡር በእኛው በድሬ በኩል ወደ ጅቡቲ ወጥተው ከአገር የራቁት ንጉሥ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። ፈረንሳይኛ እየቻሉ በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ሲያፏጩና ሲሳደቡ ንጉሡ ዝም ብለው ጠበቁ፤ ረባሾቹ ከተወሰዱ በኋላ ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ ከመጀመሪያው አስቀመጡ። በአውሮፕላን ስለተረጨው መርዝ ሲናገሩ አድማጩ ዝናቡን እንዲያየው አድርገው ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥያቄ አስቀመጡ፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ?

ተማሪዋ «ታዲያ አሳመኑ?» አለችው። አላሳመኑም፣ ጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንኳ በሐምሌ ተነሳ። አሰልጣኙ ይህን ሳይሸፋፍን ነገረን፤ እዚህ ላይ ወደድኩት።

ከዚያ ተራ በተራ ሦስት ሦስት ደቂቃ ተናገርን፣ በስልክ ተቀረጽን። አስተያየት የሚሰጠው ሰው አንድ «ይህን አትተው» አንድ «ይህን አስተካክል» ብቻ ይላል፣ ሌላ ክልክል ነው። ጎኔ የተቀመጠው የባንክ ሠራተኛ በእስክሪብቶ እየሰረዘ ቆጥሮልኝ ኖሮ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ 19 ጊዜ «ማለት ነው» ብያለሁ። ከላይም አንድ ጊዜ አምልጦኛል፣ አይታችሁ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቃሉ ሊወጣ ሲል አፍን ገጥሞ መተንፈስ። ለተናጋሪው አንድ ዓመት የሚመስለው ዝምታ ቪዲዮው ላይ ሲታይ አንድ ሰከንድ ነው።

ለእኔ ብሩን የመለሰልኝ ግን አለን ሞንሮ የተባለ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያዘጋጀው አካሄድ ነው። ቀልብ ያዝ፣ ችግሩን አሳይ፣ መፍትሔ አምጣ፣ ቢሆን ምን እንደሚመስል ሳል፣ ከዚያ ምን እንዲያደርጉልህ እንደምትፈልግ በግልጽ ጠይቅ። የእድሩን ንግግር በዚህ ቅደም ተከተል ስጽፈው ስህተቴ ወለል ብሎ ታየኝ። እኔ የጀመርኩት ከ100 ብር ነበር። ገና ምኑም ሳይነገረው ኪሱን የምትጠይቀው ሰው ሻይ ቢያዝልህ አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ይቅርባችሁ። አሰልጣኙ 40 ደቂቃ ዘገየ፣ ግማሹ ቀን በሰርተፊኬትና በፎቶ አለፈ። ከምሳ በኋላ ደግሞ የግማሹ ሰው ልብ በርጫ ጋር ነበር። ድሬ ላይ ከሰባት ሰዓት በኋላ ስልጠና የሚይዝ ሰው ከተማዋን አያውቃትም።

እድሩ ላይ ምን ሆነ? ተነሳሁ፣ ትንሽ ዝም አልኩ፣ ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ተቀዶ ሐዘንተኞቹ ላይ ውሃ የወረደበትን ቀን አስታወስኳቸው። ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ማስጌጥ አላስፈለገኝም። ከሦስት ሱቅ ያመጣሁትን የድንኳን ዋጋ አነበብኩ። ጋሼ «ወንበሩስ?» አሉ። ወንበሩን አላሰብኩበትም ነበር፤ «እሱን አላሰላሁትም ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው አስላ» አሉና ራሳቸው 80 ብር ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በ80 ጸደቀ። መቶ ብዬ ነበር፣ ግን አልከፋኝም።

ኮከብ ስጥ ካላችሁ ከአምስት ሦስት። ሰው ፊት መቆም የሚያስፈራው ሰው ይሂድ፤ ለልምምዱ ብቻ ዋጋው አይበዛም። የሰርጉ ልጅ ሲፈራ ሲቸር ተናግሮ ጨርሷል፣ ደውሎ ነግሮኛል። ጽሑፍ ለማዘጋጀት እገዛ የምትፈልጉ ከሆነ ግን እዚያ አታገኙም፤ ጽሑፋችሁን አያነቡላችሁም። ደረሰኝ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ እኔ ሁለት ሳምንት ተመላልሼ ነው ያገኘሁት። ውሃም ያዙ።