ለቴሌስኮፕ ማውንቴ የገዛሁት 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባትሪውን ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ፣ ስለዚ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ዕቃው 12 ቮልት፣ 20 አምፔር አወር፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሚባለው ዓይነት ነው፣ ውስጡ ሴሎቹን ሚጠብቅ ቢኤምኤስ ሚሉት ሰርኪዩት አለው። ምጠቀምበት ሁለት ሞተር ላለው ማውንት ነው፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ሚያዞረው ክፍል፣ ኮከቡን ከሪሞቱ መርጣችሁ ስታዙት ራሱ ዞሮ ሚያገኝላችሁና እየተከተለ ሚሄደው ዓይነት። በዕቃው በጣም ረክቻለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር የረካሁት በባትሪው ብቻ አይደለም፣ ግማሹ ነገር ከባትሪው ውጪ ነው ያለው፣ ኬብሉ ጋ፣ ፊውዙ ጋ፣ ጃኩ ጋ፣ እና እሱን ቀድሞ ሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ጥሩ ሌሊት አልፎብኛል። ለዛ ነው ረዘም አድርጌ ምጽፈው።

መጀመሪያ ፓወር ማውንት ላይ ለምን እንደዚ እንደሚያስጨንቅ ልበል። ሌላ ዕቃ ለአንድ ሰከንድ ተቋርጦ ቢመለስ ምንም አይደለም። ማውንት ግን ሌላ ነው። ምድር ስለምትዞር ሞተሩ ያልተከተለው ኮከብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የዲግሪ ሩብ ያህል ይሄዳል፣ ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ናት፣ እንግዲህ በሁለት ደቂቃ ጨረቃን ምታህል ቦታ ሸሸ ማለት ነው። የባሰው ደሞ ብዙዎቹ ማውንቶች ኤሌክትሪክ ሲቋረጥባቸው ወዴት እያዩ እንደነበር ይጠፋቸዋል፣ ሁለት ሦስት ኮከብ ላይ አነጣጥራችሁ አላይን ያደረጋችሁት (አቅጣጫውን ያሳወቃችሁት) ሁሉ ገደል ይገባል፣ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። ፎቶ እያነሳችሁ ከነበረማ አለቀ።

እኔ የጀመርኩት ግድግዳ ላይ በሚሰካ አዳፕተር ነው፣ ከቤት ኤክስቴንሽን ስቤ ሳሩ ላይ ዘርግቼ። ሁለት ወር ገደማ ምንም አላለም። አንድ ሌሊት ግን ጤዛው ከባድ ነበር፣ ቴሌስኮፑም ትራይፖዱም ውሃ ውሃ ብሏል፣ የትራይፖዱን እግር ስነካ እጄን ነዘረኝ። ቀላል ንዝረት ናት፣ ግን በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ምንም ሳልነካ ቤት ገብቼ ብሬከሩን አወረድኩት። ጠዋት ሳየው አዳፕተሩ ኤክስቴንሽኑ ላይ የተሰካበት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። እነዚህ አዳፕተሮች ለቤት ውስጥ ነው የተሠሩት፣ ማውንቱ ጋ ሚደርሰው 12 ቮልት ሰው አይገድልም፣ ያ አዳፕተር ውስጥ ሚገባው ግን ይገድላል፣ በመሀላቸው ያለው መከላከያ እርጥበት ከገባበት ወይ ከተበላሸ ደግሞ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ብረቱ ላይ ሊወጣ ይችላል፣ እናንተም እርጥብ መሬት ላይ ቆማችሁ ብረቱን ይዛችኋል። ከዛ ቀን በኋላ የግድግዳ ኤሌክትሪክ ወደ ውጪ አላወጣሁም። ሌላ አማራጭ የለኝም ምትሉ ካላችሁ ቢያንስ አዳፕተሩ ቤት ውስጥ ይቅር፣ ወደ ውጪ ሚወጣው የ12 ቮልቱ ኬብል ብቻ ይሁን፣ መስመሩ ላይም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር ሚቆርጠው ዓይነት ብሬከር ይኑር፣ ይሄ ተራው ብሬከር አይደለም፣ ተራው ኬብሉን ከቃጠሎ እንጂ እናንተን አያድንም።

ከዛ ሊድ አሲድ ባትሪ ገዛሁ፣ 6 ኪሎ ገደማ ሚመዝን፣ ከሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ጋር። እሱ ደሞ ሌላ መከራ አመጣ። ማውንቱ ዝም ብሎ ኮከብ ሲከተል ችግር የለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ግን ሞተሩ ድምፁ ይለወጣል፣ ያቃስታል፣ የሪሞቱ ስክሪን ደብዘዝ ይልና ጠፍቶ ይነሳል። ማውንቱ ተበላሸ ብዬ ጊሩን ሁሉ ፈትቼ ግሪስ ቀይሬያለሁ፣ ለካ ማውንቱ ጤነኛ ነው! ያወቅኩት ቴስተር ይዤ ቮልቴጁን ስለካ ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ ባትሪው ላይ መለካት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ መለካት ያለበት ማውንቱ ጋ የሚሰካው ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ሞተር በሙሉ ፍጥነት እየዞሩ ባሉበት ሰዓት ነው። ባትሪው ላይ 11.8 ነበር፣ ማውንቱ ጋ 10.4። የማውንቴ መመሪያ ከ11 እስከ 15 ቮልት ነው ሚለው። ስለዚ እየራበው ነበር ማለት ነው።

ያ 1.4 ቮልት የት ሄደ? የተወሰነው የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ፣ ምክንያቱም እሱ በስፕሪንግ ተገፍቶ ነው ሚነካካው፣ ትንሽ ስትነኩት ይላላል። ዋናው ግን ኬብሉ ነው። አብሮ የመጣው ኬብል 4 ሜትር ነበር፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን 0.3 ሚሊሜትር ካሬ ገደማ፣ ከላይ በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍኖ ወፍራም ይመስላል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ 4 ሜትር ሲባል 8 ሜትር ሽቦ ነው፣ ይሄ ወደ 0.46 ኦም ይሆናል፣ ማውንቱ 2.2 አምፔር ሲስብ አንድ ቮልት እዛው መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አሁን ምጠቀመው 2 ሜትር ነው፣ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ፣ ሚጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ። ባትሪውን ሳትቀይሩ ኬብሉን ብቻ ብትቀይሩ ችግራችሁ ሊፈታ ይችላል፣ እኔ ይሄን ባውቅ ኖሮ ጊሩን አልፈታም ነበር።

እንግዲህ የቮልቴጅ ማነስ ሌሊት ያበላሻል፣ መብዛቱ ግን ቦርድ ያቃጥላል፣ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ከጓደኞቼ ጋር ወጥተን አንዱ አዳፕተሩን አቀበለኝና «እንካ ወንድሜ ይሄን ሰካው፣ አንድ ዓይነት ነው» አለኝ። ጃኩ በትክክል ይገባል። ልማድ ስለሆነብኝ ለካሁት፣ 19 ቮልት! የላፕቶፕ ነበር። ጨለማ ነው፣ ሁሉም ጥቁር ሳጥን ነው፣ እሱም በቅንነት ነው የሰጠኝ። የጃክ መግጠም ስለ ቮልቴጅ ምንም አይናገርም፣ በቃ። ስፋቱ ራሱ ያታልላል፣ 5.5 በ2.1 ሚሊሜትር ሚባለውና 5.5 በ2.5 ሚባለው ከውጪ አንድ ናቸው፣ ልዩነታቸው መሀል ያለው ቀዳዳ ነው፣ ባለ 2.5ቱን ባለ 2.1 ማውንት ላይ ከሰካችሁት ይገባል ግን ይላላል፣ ማውንቱ በዞረ ቁጥር ይቆራርጣል። ፖዘቲቩም መሀል ላይ መሆን አለመሆኑን ማውንቱ ላይ ከተሳለው ምልክት ጋር አስተያዩ፣ ብዙዎቹ መሀሉ ፖዘቲቭ ነው ግን ሁሉም አይደለም።

ሌላው ማስጠነቅቀው የድሮ ከባድ ትራንስፎርመር አዳፕተር ነው፣ ሬጉሌት ያልተደረገው፣ ማለትም ቮልቴጁን አንድ ቦታ ላይ ማይዘው። ላዩ ላይ 12 ይላል፣ ምንም ሳይሰካበት ስትለኩት 16 ወይ 17 ሊያሳይ ይችላል። እና ደሞ ከዩኤስቢ ሲ ፓወር ባንክ 12 ቮልት ሚያወጡ ትንንሽ ኬብሎች አሉ፣ እኔ አልወዳቸውም። በፒዲ፣ ማለትም በዩኤስቢ ሲ ቻርጀሩና ዕቃው ቮልቴጅ ሚስማሙበት አሠራር ውስጥ፣ 5፣ 9፣ 15 እና 20 ናቸው መደበኞቹ፣ 12 በአምራቹ ፈቃድ ነው፣ ፓወር ባንኩ 12 ከሌለው አንዳንዱ ኬብል 9 ያወጣል፣ አንዳንዱ 15። ፓወር ባንኩን በቀየራችሁ ቁጥር ሳትለኩ እንዳትሰኩ።

ስለ አምፔር ብዙ ሰው ይፈራል፣ 5 አምፔር አዳፕተር 2 አምፔር ሚፈልግ ማውንት ያቃጥላል ወይ ብለው ሚጠይቁኝ አሉ። አያቃጥልም። አምፔሩን ማውንቱ ነው እንደፍላጎቱ ሚስበው፣ ከሚበቃው በላይ መኖሩ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ፊውዙ ልምጣ፣ ምክንያቱም በዘጠኝ ወር ውስጥ የሆነብኝ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ባትሪውን ስገዛ ከፖዘቲቩ ተርሚናል አንድ ጣት ርቀት ላይ 5 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ፣ የፊውዝ ቤቱን በእስታኞ በይጄ። ሦስተኛው ወር ላይ ይመስለኛል፣ ትራይፖዱን ትንሽ ዝቅ ላድርገው ብዬ እግሩን ስለቀው ኬብሉ መቆለፊያው ውስጥ ገብቶ ተቆረጠ፣ ሁለቱ ሽቦ ብረቱ ላይ ተገናኙ። ጭል አለና ሁሉም ነገር ጠፋ። ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ሌላ ምንም የለም። ቀየርኩት፣ ኬብሉን ቆርጬ አሳጠርኩ፣ በግማሽ ሰዓት ሥራ ቀጠልኩ። ያ ፊውዝ ባይኖር ቢኤምኤሱ ይቆርጠው ይሆናል፣ ግን እሱ ላይ ብቻ ልቤን ጥዬ አልተኛም፣ ሊድ አሲድ ቢሆን ደግሞ ሚቆርጠው ነገር ጭራሽ የለም፣ በመቶዎች ሚቆጠር አምፔር ለቆ ሽቦውን ያቀልጠዋል፣ እዛው አጠገብ ደግሞ ደረቅ ሳርና የባትሪው ሻንጣ አለ። ፊውዝ ማውንቱን አይደለም ሚጠብቀው፣ ኬብሉን ነው፣ ለዛ ነው ባትሪው ጋ መሆን ያለበት፣ ማውንቱ ጋ ብታደርጉት ከሱ በፊት ያለው ሽቦ ሁሉ ያለ ጠባቂ ነው።

የባትሪውን ጸባይ ልንገራችሁ። ሙሉ ሆኖ ካረፈ በኋላ 13.3 ገደማ ነው፣ እና ሚገርመው እስከ መጨረሻው ድረስ ከ13 ብዙም አይወርድም፣ ማውንቱ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ንጋት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው። ክብደቱም 2.5 ኪሎ አይሞላም። ፍጆታውን ለክቻለሁ፣ ኮከብ ሲከተል 0.6 አምፔር፣ በፍጥነት ሲዞር 2 አለፍ ይላል ግን ለሰከንዶች ነው፣ ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳይቋጥር ቴሌስኮፑ ላይ ሚታሰረው ማሞቂያ ቀበቶ 1 አምፔር። ስድስት ሰዓት ስሠራ ወደ 10 አምፔር አወር ይሄዳል፣ ግማሹ ማለት ነው። ሊድ አሲድን ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፣ ይሄኛው ግን ብዙም አይከፋውም።

ያልወደድኩት አለ። ቮልቴጁ ስለማይወርድ ምን ያህል እንደቀረው በቴስተር ማወቅ አይቻልም፣ እያለ እያለ ድንገት ቢኤምኤሱ ቆርጦ ያጠፋዋል፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። አንድ ጊዜ ሳተርን ላይ እያለሁ ሆኖብኛል፣ ሁለት ሌሊት ቻርጅ ሳላደርግ ተጠቅሜ። አሁን የገባና የወጣ አምፔር ሚቆጥር ትንሽ ሜትር መሀል ላይ አስገብቻለሁ፣ ሳትገዙ በፊት ከነሜትሩ ሚሸጥ ካለ እሱን ውሰዱ። ቻርጀሩም የራሱ መሆን አለበት፣ 14.4 ወይ 14.6 ላይ ሚያቆም፣ የሊድ አሲድ ቻርጀሮች አንዳንዶቹ ባትሪ «ለማደስ» ከዛ በላይ ከፍ ያደርጋሉ። ቻርጅ እየተደረገ ማውንት አልሰካም፣ 14.6 ለኔ ማውንት ከገደቡ ውስጥ ነው፣ መመሪያው ላይ ከዛ ያነሰ የተጻፈለት ካላችሁ ግን ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ ትንሽ አሳርፉት። ከ0 ዲግሪ በታች ደግሞ መጠቀም ይቻላል እንጂ ቻርጅ ማድረግ አይቻልም፣ ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳዋል፣ ሌሊቱን ውጪ በርዶ ያደረ ባትሪ ቤት ገብቶ ሳይሞቅ ቻርጀር አይነካውም።

ተርሚናሎቹ ላይ ያሉት ብሎኖችም ይላላሉ፣ መኪና ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነው መሰለኝ፣ አንዴ ፖዘቲቩ ሞቆ አገኘሁት። አሁን በየወሩ አጠብቃለሁ፣ ላያቸውም ላይ የፕላስቲክ ክዳን አለ፣ ጨለማ ውስጥ ቁልፍ ወይ መፍቻ ሁለቱ ላይ ቢወድቅ ፊውዙ አያድንም፣ ፊውዙ ከነሱ በኋላ ነው ያለው።

ለካሜራው ማቀዝቀዣ ሁለተኛ ባትሪ ልጨምር እያሰብኩ ነው፣ እሱ ብቻውን 3 አምፔር ይስባል። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንሽ ይሻለኛል፣ ካሜራው ባትሪውን ጨርሶ ቢያጠፋው እንኳን ማውንቱ ኮከቡን እንደያዘ ይቆያል።