የማውስ ምትክ ፍለጋ፦ ሬዘር ዴዝአደር ቪ3 እና ከእሱ በፊት ያየኋቸው

የድሮው ማውሴ ሞተ ለማለት ይከብዳል። ሴንሰሩ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሮሉም ደህና ነው። የተበላሸው የግራ ክሊኩ ብቻ ነው። አንዴ ስጫነው ሁለቴ ይጫናል። ፎልደር ለመምረጥ ነካ ሳደርገው ይከፈትልኛል። ፋይል ይዤ ስጎትት መንገድ ላይ ይጥለዋል። ይሄስ ይቻል ነበር። ካውንተር ስትራይክ የሚባለው የተኩስ ጌም ላይ ግን አይቻልም። በሽጉጥ አንዲት ጥይት አልሜ ልተኩስ ስል ሁለት ትወጣለች። ክላሽ ይዤ ክሊኩን ጠበቅ አድርጌ ስረጭ ደግሞ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። አብረውኝ የሚጫወቱት "እጅህ ነው" ይሉኛል። እጄ አይደለም።

በብዙዎቹ ማውሶች ከክሊኩ ሥር አንዲት ትንሽ ስዊች አለች። ውስጧ ስስ የብረት ምላስ አለ። ስንጫን ምላሱ ይወርድና ሌላ ብረት ይነካል። ብረት ብረትን ሲነካ ወዲያው አይረጋም፣ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራል። ማውሱም ይህን ስለሚያውቅ ትንሽ ታግሶ ንጥረቱን ሁሉ እንደ አንድ ክሊክ ይቆጥረዋል። ምላሱ ሲደክም ወይም የሚነካካው ቦታ ሲበላ ግን ንጥረቱ ከማውሱ ትዕግሥት በላይ ይሆናል። ያኔ አንዱ ክሊክ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ብየዳ የሚችል ሰው ስዊቿን ብቻ ቀይሮ ማውሱን ብዙ ሊያቆየው ይችላል። እኔ ብየዳ አልችልም፣ ለመማርም ትዕግሥቱ የለኝም። ስለዚህ ምትክ ፍለጋ ገባሁ።

ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። ካርቶኑ ሁሉ የሚጮኸው ዲፒአይ ነው፦ 12,000፣ 25,000፣ 30,000። ዲፒአይ ማለት ማውሱ አንድ ኢንች ሲሄድ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር ነው። እስቲ አስሉት። ወርዱ 1,920 ፒክስል የሆነ ስክሪን ላይ በ30,000 ዲፒአይ ብትጠቀሙ፣ ማውሱን አንድ ኢንች ስትገፉት ቀስቱ የስክሪኑን ወርድ ከ15 ጊዜ በላይ ያቋርጣል። በዚህ ማነው የሚያነጣጥረው? ለውድድር የሚጫወቱት አብዛኞቹ ከ400 እስከ 1,600 ባለው መሃል ናቸው። እኔ 800 ላይ ነኝ። ይህንን ደግሞ የትኛውም ደህና የጌም ማውስ ያለምንም ጣጣ ይሰጣል። የዲፒአይ ነገር ለኔ እዚያው ላይ አለቀ።

ይልቅ ማስመሪያና የኩሽና ሚዛን አወጣሁ። ምትክ ስትፈልጉ ዋናው ጥያቄ እጃችሁ ምን ለምዷል የሚለው ነው፣ መልሱ ደግሞ ያለው የድሮው ማውስ ላይ ነው። የኔው ርዝመቱ 127 ሚሊ ሜትር፣ ጀርባው ከፍ የሚልበት ቦታ 43 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ያለ ገመዱ ከ100 ግራም ትንሽ ያልፋል። ላዩ ላይ የወዛውን ቦታም አየሁ። መዳፌ የሚያርፍበት ጀርባው ሙሉ በሙሉ ወዝቶ ያብለጨልጫል። እንግዲህ ሙሉ መዳፌን አሳርፌ ነው የምይዘው ማለት ነው። በጣት ጫፍ የሚይዝ ሰው ማውስ የሚወዛው ፊት ለፊቱና ጎንና ጎኑ ላይ ብቻ ነው። ሰው አያያዙን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ በግምት ይመልሳል፣ ማውሱ ግን አይዋሽም።

በዚህ ልኬት ሎጊቴክ ጂ305 ቶሎ ወጣ። ጥሩ ማውስ ነው፣ ገመድ አልባ ነው፣ በአንድ ተራ የሪሞት ባትሪ ብዙ ይሄዳል። ግን ርዝመቱ 116.6፣ ከፍታው 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኔ መዳፍ ጀርባው ላይ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። እጁ ትንሽ ለሆነ ወይም በጣት ጫፍ ለሚይዝ ሰው ግን መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ባትሪውን ሊቲየም አድርጉት፣ በደንብ ይቀልላል።

የዚያው የሎጊቴክ ጂ502 ሂሮ ላይ ልቤ ትንሽ ዘግይቷል፣ በስክሮሉ ምክንያት። የብረት ነው። አንዲት ቁልፍ ስትጫኑ ልቅ ይሆንና አንዴ ካሽከረከራችሁት ራሱ ይዞራል። ረጅም ገጽ ለሚያነብ ሰው ትልቅ ጸጋ ነው። 11 በተን አለው፣ ብዙ አስማት ለሚወረወርበት ጌም የተሠራ ነው። 121 ግራም ግን ማንሳትና ማስቀመጥ ለሚበዛበት የተኩስ ጌም ከበደኝ። ዞዊ ኢሲ2 ደግሞ ቅርጹ ከልኬቴ ጋር ይሄዳል፣ ሶፍትዌር የሚባል ነገርም አይፈልግም፣ ዲፒአዩን ከሆዱ ሥር ባለች በተን ትቀይራላችሁ። ይሄን በጣም ወድጄለት ነበር። በመጨረሻ የለየን የስዊች ነገር ነው። በደብል ክሊክ የተቃጠለ ሰው ሌላ የብረት ምላስ መግዛት አያምረውም።

የወሰድኩት ባለገመዱን ሬዘር ዴዝአደር ቪ3 ነው። ዴዝአደር የሚባለው ማውስ መጀመሪያ የወጣው በ2006 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቅርጹ እየተሞረደ እዚህ ደርሷል። ርዝመቱ 128፣ ከፍታው 44 ሚሊ ሜትር ነው። ከድሮው ማውሴ ጋር ያላቸው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር! ስይዘው መዳፌ ቦታውን ሳይፈልግ አገኘው። ስዊቹ በብርሃን የሚሠራ ነው። በሚነካካ ብረት ፋንታ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ጨረር አለ፣ ክሊኩን ስትጫኑ የብርሃኑ መንገድ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። የሚነጥር ብረት ስለሌለ ያ የድሮ ደዌ ከሥሩ የለም ማለት ነው። አምራቹ 90 ሚሊዮን ክሊክ ይላል። እኔ ቁጥሩን አልከራከርም፣ ዘዴው ግን አሳምኖኛል። የክሊኩ ድምፅ ጠንከር ያለና ጥርት ያለ ነው። ማታ ሰው አጠገቤ ተኝቶ የምጫወት ቢሆን ኖሮ አስብበት ነበር።

ክብደቱ 59 ግራም ነው። ከ100 ግራም በላይ ከለመደ እጅ ወደዚህ ስትወርዱ እንደ ገለባ ይሆንባችኋል። መጀመሪያ ላይ ዒላማዬን እያለፍኩ እሄድ ነበር። ዲፒአዩ ያው 800፣ የጌሙ ሴቲንግም ያው። የሚገፋው ክንድ ግን የለመደው ጉልበት አለ። መፍትሔው ቀላል ነው። በድሮው ማውስ ከፓዱ ግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ስገፋ ጌሙ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር እዞራለሁ። በአዲሱም ያንኑ ሞከርኩ፣ ትንሽ አለፈ። ለካ ነገሩ የክብደት ብቻ አይደለም፣ የሁለት ማውስ 800 ቁርጥ ብሎ እኩል ላይሆን ይችላል። በጌሙ ውስጥ ያለውን የፍጥነት ቁጥር ትክክል አንድ ዙር እስኪሆን ድረስ ቀነስኩት። ከዚያ ነገሩ ዕዳው ገብስ ሆነ። እግረ መንገዳችሁን ዊንዶውስ ላይ Enhance pointer precision የሚለውን ምልክት አጥፉት። እጃችሁ በፈጠነ ቁጥር ቀስቱን አብልጦ ስለሚያስኬድ ያው እንቅስቃሴ ሁልጊዜ ያው ቦታ አያደርሳችሁም።

8,000 ሄርዝ የሚባለው ነገርም አለው። ማውሱ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ለኮምፒውተሩ ያለበትን ይናገራል ማለት ነው፣ በየ0.125 ሚሊ ሰከንዱ። በ1,000 ሄርዝ ደግሞ በየአንድ ሚሊ ሰከንዱ ነው። የኔ ዓይን ልዩነቱን አያይም። ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ አንጎል) ግን ያየዋል፣ በተለይ አሮጌ ከሆነ። 1,000 ላይ ትቼዋለሁ።

ሁሉም ሰው ይውሰደው አልልም። ግራኞች ይለፉት፣ ቅርጹ ለቀኝ እጅ ብቻ ነው። ጎኑ ላይ ያሉት በተኖች ሁለት ናቸው፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ አይበቃውም። ጎኑ ላይ ጎማ የለውም፣ እጁን የሚያልበው ሰው መያዣ ቴፕ ቢለጥፍበት ይሻለዋል። የሚያበራ ቀለምም የለውም፣ እኔ ግን ይሄን ከጥቅሙ ጋር ነው የምቆጥረው። ገመድ የሚጠላ ሰው በዚሁ ቅርጽ ቪ3 ፕሮን ያገኛል። በዶንግል (ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ ትንሽ መቀበያ) የሚሠራ ጥሩ ገመድ አልባ ማውስ ዘግይቶ አያስቸግርም፣ ብሉቱዝ ግን ለተኩስ ጌም አይሆንም። ዶንግሉንም ከኮምፒውተሩ ጀርባ አትሸጉጡት፣ በመቀጠያ ገመድ አውጥታችሁ ማውሱ አጠገብ አስቀምጡት።

የትኛውንም ብትገዙ መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንድ ፎልደር ላይ በዝግታ፣ በየመሃሉ እረፍት እየሰጣችሁ ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ አንዴም ቢሆን ራሱን ከከፈተ መልሱት። ከዚያ አንድ ፋይል ይዛችሁ ሳትለቁ ስክሪኑን እየዞራችሁ ጎትቱት። ከጣለው ያው ነው።