ባለ10 ሜትር የባዮቴን ገመድ፦ ለቆቅም ለአጋዘንም የሚሠራ ውሻ

የጀርመን አዳኞች ከአንድ ድራትሃር (ሻካራ ጠጉር ያለው የጀርመን አዳኝ ውሻ) ሁለት ሥራ ይጠብቃሉ፤ ቆቅ ሲያሸት ድርቅ ብሎ ቆሞ እንዲጠቁም፣ ቆስሎ የሸሸ አጋዘን ደግሞ ደሙን ተከትሎ እንዲያገኝ። 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ገመድ ለሁለቱም ይሸጣል፤ የሚመቸው ግን ለደም ዱካው ነው።

ባዮቴን በፕላስቲክ የተለበጠ የፖሊስተር ጥብጣብ ነው። ውሃ አይጠጣም፤ ጭቃውም ደሙም በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ጠፍር ሲረጥብ ይከብዳል፣ ቅባት ሲያጣ ይሰነጠቃል። ደማቅ ብርቱካናማውን ምረጡ፤ ጥቁሩ ቅጠል ውስጥ ይጠፋል።

ዱካ ላይ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ከ6 እስከ 8 ሜትር ርቀት ላይ ያዙት። ውሻው ሲያመነታ እናንተም ቁሙ፤ ከገፋችሁት የሌላ እንስሳ ትኩስ ዱካ አግኝቶ ይሳሳታል። ጫፉ ላይ ያለው የእጅ ማስገቢያ ግን የፋብሪካው ትልቁ ስሕተት ነው፤ ቁጥቋጦ ሁሉ ይይዘዋል። ቁረጡት።

ለወፍ ሥልጠና 10 ሜትር ይበዛል። ውሻው ተፈናጥሮ ጫፉ ላይ ሲደርስ አንገቱ ይጎዳል፤ እርጥቡ ገመድም ተንሸራቶ መዳፍ ያቃጥላል። ጓንት አድርጉ፤ 5 ሜትር ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጥራችሁ በእግር ርገጡት። ቆሞ እየጠቆመ ሳለ ግን አትጎትቱት፤ ሕመሙን ከወፏ ጋር ካያያዘው ሽታዋን እያወቀ ማለፍ ይለምዳል። ወደ ጫካ ስትመለሱ ቋጠሮውን ፍቱት።