ኦፕንፎም ለክፍል ውስጥ የአየር ፍሰት፦ ፈቃዱ ነጻ፣ ስሌቱ ውድ

የፈሳሽና የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር የሚያሰላው ኦፕንፎም ኮዱ ክፍት ሆኖ ከተለቀቀበት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ለሕንፃ ዲዛይን ግን ዋናው ጥያቄ ኮምፒውተሩን ስንት ሰዓት ይዞ ይቆያል የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ከክፍሉ ስፋት ይልቅ አየር የሚገባበት ዲፊውዘር ነው።

6 በ4 በ3 ሜትር የሆነ ቢሮ እንውሰድ። ለስሌቱ ክፍሉ የሚከፋፈልበት ትንሽ ሣጥን፣ ማለትም ሴሉ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 72,000 ሴል ይወጣል፤ 5 ከሆነ 576,000፣ 2.5 ከሆነ 4.6 ሚሊዮን። ለሚሊዮን ሴል ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ራም ስለሚበቃ ሜሞሪው አያሳስብም። ጉዱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። የዲፊውዘሩ ቀዳዳ በ1 ሴንቲ ሜትር ሴል ተሠርቶ አየሩ በሰከንድ 3 ሜትር ከወጣ፣ የኩራን ቁጥር (አየሩ በአንድ የጊዜ እርምጃ የሚያልፈው የሴል ብዛት) ከ1 እንዳይበልጥ የጊዜ እርምጃው 0.0033 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። አየሩ በሰዓት 4 ጊዜ የሚቀየር ከሆነ 3 ሙሉ ለውጥ ለማየት 2,700 ሰከንድ ማስላት አለብን፤ 810,000 እርምጃ ማለት ነው። አብዛኛው የክፍሉ አየር እኮ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይንቀሳቀስም! ለጥቂት ሴሎች ሲባል ሁሉም ይጎተታል።

ስለዚህ የዲፊውዘሩን ክንፎች አንድ በአንድ መሳል ይቅር። ፊቱን ጠፍጣፋ መግቢያ አድርጎ የአየሩን መጠንም ሞመንተምም (ግዝፈቱ በፍጥነቱ ሲባዛ) ከአምራቹ ሰንጠረዥ መስጠት ይሻላል። መጠኑን ብቻ በሙሉ ፊቱ ላይ የሚያከፋፍል ሰው ፍጥነቱን ያወርደዋል፤ ጣሪያውን ይዞ መሄድ የነበረበት ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ይወርድና የምቾት ውጤቱ ይበላሻል።

ቦያንትሲምፕልፎም የተባለው የስቴዲ ስቴት ሶልቨር (በጊዜ የማይለወጥ ፍሰትን የሚያሰላ ፕሮግራም) ርካሹ መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሬዚጁዋሉ (የቀረው የስሌት ስህተት) መሃል ላይ ይቆምና አልወርድም ይላል። ከሰውና ከኮምፒውተር የሚነሣው ሞቃት አየር ራሱ ስለሚወዛወዝ ሪላክሴሽን (በየድግግሞሹ የሚፈቀደውን የለውጥ መጠን) መቀነስ ሁልጊዜ አያድነውም። በተመረጡ ነጥቦች ላይ ሙቀቱንና ፍጥነቱን መመዝገብ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ድግግሞሾች አማካይ መውሰድ ነው። አማካዩም ከተንሸራተተ በጊዜ የሚለወጥ ፍሰትን ወደሚያሰላው ቦያንትፒምፕልፎም መሻገር ግድ ነው።

ግድግዳ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በሻካራ ሜሽ (ትልልቅ ሴሎች ባሉት መረብ) የግድግዳውን ሙቀት መጠን ከሰጡ ወደ አየሩ የሚገባው ሙቀት ይሳሳታል፤ ለማስተካከል የሚጨመሩት ስስ የሴል ንብርብሮች ደግሞ ስሌቱን ያከብዱታል፣ የኦፕንፎም ሜሽ መሥሪያ የሆነው ስናፒሄክስሜሽም ማዕዘን ላይ ይጥላቸዋል። ጭነቱ በዋት ከታወቀ ሙቀቱን በፍሰት መልክ መስጠት ይበልጣል፤ ሜሽ ምንም ቢሆን ወደ ክፍሉ የሚገባው ኃይል ልክ ይሆናል፣ የሚሳሳተው የግድግዳው ገጽ ሙቀት መጠን ብቻ ነው።

የኦፕንፎም ትልቁ ጥቅም በኮር (የኮምፒውተሩ ማስሊያ ክፍል) ቁጥር ክፍያ አለመጠየቁ ነው። ያም ሆኖ ለአንድ ኮር ከ20,000 ሴል በታች ሲደርስ ትርፉ በመልእክት ልውውጥ ይበላል፤ ለ576,000 ሴል ከ28 ኮር በላይ መመደብ ብዙ አይጠቅምም። አሥር የዲዛይን አማራጭ ካለ እያንዳንዱን በጥቂት ኮር ጎን ለጎን ማስኬድ ያዋጣል።

የጭስ ጉዳይ ከሆነ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የኒስት የእሳትና የጭስ ማስሊያ ኤፍዲኤስ ይቀላል፤ ሜሹ ሁሉ ቀጥ ያለ ሣጥን ስለሆነ ግን ጠማማ ቅርጽን በደረጃ ያስመስለዋል። ከክፍል ክፍል የሚያልፈውን የአየር መጠን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ኮንታም የተባለው ፕሮግራም በቂ ነው፤ ኦፕንፎምን ለዚያ መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።