የጉበት ምርመራ ፓኬጅ፦ ባለሙያዋ ጎበዝ፣ ፓኬጁ ጎዶሎ

አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ላብራቶሪ ነው፣ ስሙ ይቆየኝ። ወረፋው አያሰለችም፣ ደም ሲቀዱ እጃቸው ቀላል ነው፣ ውጤቱም በዚያው ቀን ይደርሳል። ቅሬታዬ ፓኬጁ ላይ ነው።

«የጉበት ምርመራ» ብለው የሚሸጡት ርካሹ ፓኬጅ ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ብቻ ነው። ሁለቱ የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጡ ኢንዛይሞች ናቸው። የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ግን በዋናነት የሚጨምሩት አልካላይን ፎስፋቴዝና ጂጂቲ የሚባሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ናቸው፣ ከነሱ ጋር ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን። አጎቴ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ጠቁሯል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል። ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ባህል ሐኪም ጋ ሊወስደው ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ይህንን እያዩ ርካሹን ነው ያቀረቡልን። በጣም ነው የተናደድኩት።

ነገሩን ያስተካከለችው ደም የቀዳችው ባለሙያ ናት። «አባባ፣ መጠጥ ይወስዳሉ?» አለችው። «አልፎ አልፎ» አላት። ዝም ብላ ጠበቀችው። «ማታ ማታ አረቄ፣ ሁለት ሦስት መለኪያ፣ ድሮ ጀምሮ ነው» አለ። ጽፋ ያዘችና ሙሉውን ምርመራ እንድናሰራ መከረችን።

ኤስጂኦቲ 186፣ ኤስጂፒቲ 71 መጣ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በእጥፍ ሲበልጥ ብዙ ጊዜ የአልኮል ምልክት ነው፤ ጠጪ ሰው ቫይታሚን ቢ6 ስለሚያንሰው ኤስጂፒቲው የሚገባውን ያህል አይወጣም። አልካላይን ፎስፋቴዝ 412፣ ጂጂቲ 890፣ ቢሊሩቢን 9.4፤ ሁሉም ከመደበኛው በላይ ናቸው። ቢሊሩቢኑም አብዛኛው «ቀጥተኛ» የሚባለው ነው፣ ማለትም ጉበት አዘጋጅቶ ከሐሞት ጋር ሊያስወጣው የነበረው።

ጂጂቲው ነው የሚያወዛግበው። አልካላይን ፎስፋቴዝ ከአጥንትም ስለሚመጣ፣ ጂጂቲ አብሮት ከጨመረ ምንጩ ጉበት ወይም ሐሞት ነው ተብሎ ይወሰዳል። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ላይ ግን ጂጂቲ ቱቦው ሳይዘጋም ከፍ ብሎ ይገኛል፣ አልኮሉ ራሱ ጉበቱን ብዙ እንዲያመርት ስለሚያደርገው። የባሰው ደግሞ ሌላኛው ስህተት ነው፦ «ይጠጣል» የሚለውን የሰማ ሐኪም ሁሉንም በአረቄው አሳብቦ፣ ቱቦው ውስጥ ያለውን ጠጠር ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ሲቆይ መጠጥ ቆሽትን አቁስሎ ያንኑ ቱቦ ሊያጠብበውም ይችላል። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር አልትራሳውንድ የግድ ነው። የአጎቴ ቱቦ 12 ሚሊሜትር ሰፍቶ ተገኘ፣ የጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወይም 7 አያልፍም።

ቱቦውን የዘጋው ጠጠር ነበር፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው መሣሪያ፣ ወጣለት። ቢሊሩቢኑና አልካላይን ፎስፋቴዙ ቶሎ ወረዱ። ጂጂቲው ግን ዘገየ፣ መጠጥ ካቆሙ በኋላም ግማሽ ለመውረድ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈልጋል።

ላብራቶሪውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማዘዣ ወረቀቱ ላይ ስለ መጠጥ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር፣ ጥያቄው በአንዲት ባለሙያ ጥንቃቄ ላይ አይንጠልጠል። ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው ደግሞ ርካሹን ፓኬጅ አትሽጡ።

እናንተም ብትሄዱ ሙሉውን አሠሩ፣ የምትጠጡትንም ሳትቀንሱ ንገሯቸው። አጎቴን ለክትትል አሁንም እዚያው ነው የምወስደው፣ ያቺ ባለሙያ ጠዋት ጠዋት ስለምትገባ እሷን እንጠብቃለን።