ክሊዮፓትራን አውርዷት፣ ፉሉን ግን እንዳትነኩት

ሉክሶር፣ ከአባይ ምዕራብ ዳር፣ ጀልባው ሰው ከሚያወርድበት ብዙም ሳይርቅ ለመንገደኛ የተከፈተች ኢንተርኔት ካፌ አለች። ወቀሳ ስላለኝ ስሟን ልለፈው።

ፉሉ አሪፍ ነው። ታሂና (የሰሊጥ ልቁጥ)፣ ሎሚና ከሙን አልተሰሰተበትም። አብሮት የሚቀርበው ዓይሽ ሸምሲ ነው፤ ሊጡ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ኩፍ ካለ በኋላ የሚጋገር የደቡብ ግብፅ ዳቦ፣ ቅርፊቱ ጠንከር፣ ውስጡ ለስለስ ያለ፣ ብቻውንም ይበላል። ጣዕሚያው ግን ቀዝቅዞ መጣ። የባቄላ ጥብስ ከቀዘቀዘ ምን ይረባል? ከርከዴ ካዘዛችሁ ደግሞ ስኳር እንዲቀንሱ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኢንተርኔቱ ያናድዳል። የዋይፋዩ ፓስወርድ ያለው ደረሰኙ ላይ ስለሆነ ሳትበሉ አትገቡም፣ ከገባችሁም በኋላ ፎቶ መላክ አይታሰብም። የባቡር ትኬት ግን ቶሎ ፕሪንት ያደርጉላችኋል፣ ልጆቹም ትሁት ናቸው።

አሁን ወደ ግድግዳው። የግብፅ ንግሥቶች ተስለውበታል፣ ሐሳቡም ደስ ይላል። ትልቁን ግድግዳ የያዘችው ክሊዮፓትራ ናት። ይገባኛል፣ ቱሪስት የሚያውቀው እሷን ነው። ግን እኮ እሷ የአሌክሳንድሪያ ሰው ናት! ቤተ መቅደሷ እዚያው ዴር ኤል ባህሪ ያለውን፣ ለእንጀራ ልጇ ለሦስተኛው ቱትሞስ ሞግዚት ሆና ጀምራ ራሷን ፈርዖን ያደረገችውን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት 20 ዓመት ያህል የገዛችውን ሀትሼፕሱትን ሽንት ቤቱ በር ጋ ጥግ አስይዘዋታል። ካርናክ ቤተ መቅደስ ያቆመችው አንድ ወጥ የግራናይት ሐውልት ወደ 30 ሜትር ይጠጋል። ቱትሞስ በኋላ ስሟንና ምስሏን ከየቦታው አስፍቋል፤ ካፌው ሥራውን የቀጠለለት ይመስላል።

እኔን የቆጨኝ ሌላም ምክንያት አለ። የቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ ጭነው ሲመለሱ ተቀርጿል፣ ፑንትን ደግሞ ብዙ ምሁራን ወደኛው ሰፈር፣ ወደ አፍሪካ ቀንድና ቀይ ባሕር ዳርቻ ያደርጉታል። ለአስተናጋጁ ከኢትዮጵያ እንደመጣሁ ስነግረው "ዕጣኑ ከእናንተ ነዋ!" ብሎ በናዕና (በሚንት ቅጠል) ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ሥዕሉ ግን ባለቤቱን ጠይቅ አለኝ።

ቦታዋ የተስማማት ቲዬ ብቻ ናት፣ ከኮምፒውተሮቹ በላይ ነው ያለችው። ባሏ ፈርዖን ሦስተኛው አሜንሆቴፕ ሲሞት በሰሜን ሶሪያ በኩል የነበረው የሚታኒ መንግሥት ንጉሥ ቱሽራታ ለእሷው በቀጥታ ጽፎ፣ ልጅሽ አኸናተን ድፍን ወርቅ የተባለልኝን ሐውልት ትቶ በወርቅ የተለበጠ እንጨት ላከልኝ እያለ አቤት ብሏል። ያ የሸክላ ደብዳቤ ከዚያ ተነሥቶ ግብፅ ደርሷል። የእኔ ኢሜይል ከካፌዋ በር አላለፈም።

የሚላክ ሥራ ካላችሁ ሆቴላችሁ ጨርሱ። ለቁርስ ግን በጠዋት ሂዱና ፉሉን በልታችሁ በቀጥታ ወደ ዴር ኤል ባህሪ፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ አይቻልም።