የአያቴን ምርቃት ለመለሰልን የደሴ ባለሙያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የሚሠራ ወጣት አለ። ስሙን በአደባባይ እንዳልጠራ ለምኖኛል። ምስጋናዬን ግን በልቤ ይዤ መቀመጥ አልቻልሁም።

ሐይቅ ይኖሩ የነበሩት አያቴ ከማረፋቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ጂዳ፣ አዲስ አበባና ኮምቦልቻ የተበተንነውን ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን በዙም የኢንተርኔት ቪዲዮ ስብሰባ ሰብስበናቸው ነበር። ነጻው አገልግሎት ከ40 ደቂቃ በላይ ስለማያስኬድ ስብሰባው ሁለት ጊዜ ተከፈተ፤ ቅጂውም ሁለት ሆነ። የመጀመሪያው ሰላምታና የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በሁለተኛው አያቴ እጃቸውን ዘርግተው እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ መረቁን። አሜን ብለን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው የደከመው ላፕቶፕም አብሮ ጠፋ።

ከሐዘኑ በኋላ ቅጂዎቹን ስንከፍት የመጀመሪያው በኤምፒ4፣ በተለመደው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት፣ ተቀምጦ አገኘነው። ሁለተኛው ግን መጨረሻው «ዙም» የሚል፣ በየትኛውም ማጫወቻ የማይከፈት ፋይል ነበር። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። እዚያ የፋይሉን መጨረሻ ወደ ኤምፒ4 ለወጡት፤ እምቢ ሲላቸው «ተበላሽቷል፣ አጥፉት» አሉን። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ይህ ወጣት ሁሉንም ሰምቶ በመጀመሪያ ያለኝ «አብሽሪ እህቴ» ነው። ከዚያ ምንም ሳይነካ ፋይሉን በፍላሽ ገለበጠ። ለእኔ ትልቁ ሙያው ይህ ነው፤ የሰው ንብረት መሆኑን ያውቃል። «እንስራ ላይ ማር ብለሽ ብትጽፊ ውስጡ ያለው ውኃ ማር አይሆንም» አለኝ። ዙም ስብሰባውን ሲቀዳ ለራሱ ብቻ በሚገባው መልክ እያስቀመጠ ይቆያል፤ ወደ ኤምፒ4 የሚለውጠው ስብሰባው ሲዘጋ ነው። መብራቱ ያቋረጠው ይህንን ሥራ ነበር። ስለዚህ የፋይሉን የቀድሞ ስም መለሰለት፤ በነበረበት ማኅደር ውስጥ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረገው። ለውጡ እስኪያልቅ የጠበቅናቸው ደቂቃዎች ረጅም ነበሩ። ከዚያ የአያቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እናቴ ቆማ «አሜን» አለች፤ ወጣቱም ቆመ።

ኤምፒ4 እንደ አገልግል መሆኑንም ያስረዳኝ እሱ ነው። አገልግሉ አንድ ሆኖ በውስጡ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ በኤች.264፣ ድምፁ በኤኤሲ በሚባሉ የማሸጊያ ዘዴዎች ታሽጎ ይቀመጣል፤ እነዚህን ደግሞ የማይከፍት ስልክ ብርቅ ነው። አብሮ የወጣው ኤም4ኤ የሚባል ፋይል ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ኔትወርክ ለሚያስቸግራቸው አክስቶቼ የላክሁት እሱን ነው። ቪዲዮውን በቴሌግራም በምልክበት ጊዜ ጥራቱ እንዳይቀንስ እንደ ፋይል እንድልከው መከረኝ።

እዚያው ሳለሁ አንድ የቢሮ ሠራተኛ መጨረሻው ኤአርኤፍ የሆነ የቆየ የዌብኤክስ (እንደ ዙም ያለ አገልግሎት) ስብሰባ ቅጂ ይዞ መጣ። እሱንም በዌብኤክስ የራሱ ማጫወቻ ከፍቶ ወደ ኤምፒ4 ለወጠለት፤ ለምን እንዳስፈለገም በትዕግሥት አስረዳው።

የተቀበለኝ 200 ብር ብቻ ነው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋል። ፋይሉ የተቀዳበትን ኮምፒውተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙን ለውጣችሁት ከሆነም የቀድሞውን ንገሩት።